መቆራኘት፣ መለያየትና መላቀቅ፦ የዕፅዋት ክሮሞሶሞች በሜዮሲስ የሚያልፉበት ሂደትና የአማርኛ ስያሜው

ስለ ሥነ ሕይወት በአማርኛ የሚጽፍ ወይም ከባዕድ ቋንቋ የሚተረጉም ሰው ብርቱ ችግር ከሚገጥመው ርእሶች አንዱ ሜዮሲስ የተባለው የሕዋስ ክፍፍል ነው። ችግሩ የባዕድ ስሞች መብዛት ብቻ አይደለም፤ ስሞቹን እንደ ድምፃቸው ወስዶ በፊደላችን መጻፍ ይቻላል፤ አንባቢም በጊዜ ይለምዳቸዋል። ዋናው ችግር ያለው ማንም ሰው ያውቃቸዋል በሚባሉት ግሶች ላይ ነው። «ተያያዘ»፣ «ተጣመረ»፣ «ተለየ»፣ «ተለያየ» የተባሉት ቃላት በዕለት ንግግር አንዱ በሌላው ቦታ ቢገባ ብዙ ጉዳት የለውም። ስለ ክሮሞሶሞች ሲነገር ግን አንዱን በሌላው መተካት የሂደቱን ትርጉም መለወጥ ነው።

ለምሳሌ አንድ ተርጓሚ፣ «በመጀመሪያው ክፍፍል ክሮሞሶሞቹ ይለያያሉ፤ በሁለተኛውም ክፍፍል ክሮሞሶሞቹ ይለያያሉ» ብሎ ቢጽፍ፣ ዐረፍተ ነገሩ በሰዋስው ረገድ እንከን አይገኝበትም። ይሁንና አንባቢው አንድ ነገር ሁለት ጊዜ የተፈጸመ አድርጎ ይረዳዋል። «አንድ ጊዜ የተለያየ ነገር እንደ ገና እንዴት ይለያያል?» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱም በሁለቱ ክፍፍሎች የሚለያዩት ነገሮች ልዩ ልዩ ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ዝምድናም ልዩ ልዩ ነው፤ የሚል ነው።

ይህ ጽሑፍ በዕፅዋት ሜዮሲስ ክሮሞሶሞች እንዴት ተያይዘው እንደሚቆዩና እንዴት እንደሚለያዩ በቅድሚያ ያብራራል፤ ቀጥሎም ለሂደቱ የሚስማሙ የአማርኛ ቃላትን ይጠቁማል። የሚደግፈው ሐሳብ አንድ ነው፤ ይኸውም በሜዮሲስ ውስጥ ሁለት ዓይነት ትስስርና ሁለት ዓይነት መለያየት ስላለ፣ አማርኛው ለእያንዳንዱ የራሱን ቃል መመደብ ይገባዋል፤ ለዚህ የሚያስፈልገው ሀብትም በቋንቋው የግስ እርባታ ውስጥ ይገኛል፤ የሚል ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

፩. ስለ ስሙና ስለ ብያኔው

ክሮሞሶም የተባለውን ስም በ1888 ያወጣው ጀርመናዊው የአካል ጥናት ሊቅ ቫልዳየር ነው። ስሙ «ቀለም» እና «አካል» የሚል ፍች ካላቸው ሁለት የግሪክ ቃላት የተሠራ ነው። ስለ ተግባሩ ምንም አይናገርም፤ በማይክሮስኮፕ ለማየት ሲባል ሕዋሱ በቀለም ሲነከር ይህ አካል ቀለሙን አጥብቆ የሚይዝ መሆኑን ብቻ ያመለክታል። ሜዮሲስ የተባለው ስም ደግሞ በ1905 ፋርመርና ሙር የተባሉ ሁለት የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ያስገቡት ሲሆን፣ የግሪክ ፍቹ «ማነስ» ወይም «መቀነስ» ነው። ይህኛው ስለ ውጤቱ ይናገራል፤ በሂደቱ ፍጻሜ የክሮሞሶሞች ቍጥር በግማሽ ይቀንሳልና።

ከዚህ በመነሣት ሜዮሲስን በሙሉ «ቀናሽ ክፍፍል» ብሎ መተርጐም የሚያምር ይመስላል። ነገር ግን ሜዮሲስ ሁለት ተከታታይ ክፍፍሎች ያሉት ነው። ቍጥሩን የሚቀንሰው የመጀመሪያው ብቻ ነው፤ ሁለተኛው የክሮሞሶሞችን ቍጥር አይቀንስም። ስለዚህ ለጠቅላላው ሂደት ሜዮሲስ የሚለውን የውሰት ቃል ማቈየት፣ «ቀናሽ ክፍፍል» የሚለውን ለመጀመሪያው፣ «እኩል ክፍፍል» የሚለውን ለሁለተኛው መመደብ የተሻለ ነው።

ብያኔውም ጥንቃቄ ይሻል። ብዙ ጊዜ ሜዮሲስ «የወንዴና የሴቴ ዘር ሕዋሳት የሚፈጠሩበት ክፍፍል» ተብሎ ይበየናል። ይህ ብያኔ ለእንስሳት ትክክል ነው፤ ለዕፅዋት ግን አይስማማም። በዕፅዋት ከሜዮሲስ በቀጥታ የሚገኘው ስፖር የተባለ ሕዋስ ነው። በበቆሎ አናት ላይ በሚገኘው የወንዴ አበባ ውስጥ ከአንድ ሕዋስ አራት ስፖሮች ይገኛሉ፤ እያንዳንዱ ስፖር እንደ ገና በተራ ክፍፍል እየተባዛ የአበባ ብናኝ ይሆናል፤ የወንዴው ዘር የሚገኘው ከዚህ በኋላ ነው። በሴቴው አበባ ውስጥ ከሚገኙት አራት ስፖሮች ሦስቱ ይሞታሉ፤ የቀረው አንዱ ተባዝቶ የእንቁላል ሕዋሱን ያስገኛል። ስለ እንስሳት ከተጻፈ መጽሐፍ የተወሰደ ብያኔ በዕፅዋት መዝገበ ቃላት ውስጥ ሳይመረመር ከገባ ስሕተቱ በቃሉ ትርጉም ላይ ሳይሆን በዕውቀቱ ላይ ነው።

፪. በበቆሎ ሕዋስ ውስጥ የሚሆነው

ምሳሌያችን በቆሎ ይሁን። የበቆሎ ሕዋስ 20 ክሮሞሶሞች አሉት። 10ሩ በአባት በኩል፣ ማለትም በአበባው ብናኝ የመጡ ናቸው፤ 10ሩ በእናት በኩል፣ ከእንቁላሉ የተገኙ ናቸው። እያንዳንዱ የአባት ክሮሞሶም በመጠኑም በሚሸከመው የዘር መረጃ ቅደም ተከተልም የሚመሳሰለው አንድ የእናት ክሮሞሶም አለው። እንዲህ ያሉትን ሁለቱን «አቻ ክሮሞሶሞች» እንላቸዋለን።

ሜዮሲስ ከመጀመሩ በፊት እያንዳንዱ ክሮሞሶም ራሱን ይቀዳል። ከዚህ በኋላ አንዱ ክሮሞሶም ፍጹም የሚመሳሰሉ ሁለት ዘንጎች ይኖሩታል፤ እነዚህም ክሮማቲድ ይባላሉ። ሁለቱ ክሮማቲዶች ሲቀዱ ጀምረው በአንድነት የታሰሩ ናቸው። ስለዚህ ክሮሞሶሞቹ ዛሬም 20 ናቸው፤ ክሮማቲዶቹ ግን 40 ሆነዋል። ተርጓሚው እዚህ ላይ ቍጥር ሲያዛባ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ይዛባል።

ቀጥሎ አቻ ክሮሞሶሞች እርስ በርስ ይፈላለጋሉ፤ ከጫፍ እስከ ጫፍም ጐን ለጐን ይሰለፋሉ። 20ዎቹ ክሮሞሶሞች 10 ጥንዶች ይሆናሉ። በዚህ ጊዜ ከእናት ከመጣው ክሮሞሶም አንድ ክሮማቲድ፣ ከአባት ከመጣው ደግሞ አንድ ክሮማቲድ በአንድ ቦታ ተሰብረው የተሰበረውን ክፍል ይለዋወጣሉ። ይህ የመለዋወጥ ተግባር በዓይን ከሚታይ ምልክት ጋር የተያያዘ መሆኑን በ1931 ያረጋገጡት ሃሪየት ክራይተንና ባርባራ ማክሊንቶክ ናቸው፤ ጥናታቸውም በበቆሎ ዘጠነኛ ክሮሞሶም ላይ ነበር። በአንደኛው ጫፍ ጕብ ያለ ምልክት፣ በሌላው ጫፍ ከሌላ ክሮሞሶም የተጣበቀ ቍራጭ የነበረውን ክሮሞሶም መርጠው፣ በተክሉ ላይ የሚታየው ባሕርይ ሲቀያየር በክሮሞሶሙ ላይ ያሉት ምልክቶችም አብረው መቀያየራቸውን አሳዩ።

አቻዎቹ ከመሰለፍ ሲፈታቱ ልውውጡ የተፈጸመበት ቦታ እንደ መስቀል ሆኖ ይታያል። ይህ መስቀለኛ ቦታ በግሪክ ፊደል ስም የሚጠራ ሲሆን፣ የእኛ አንባቢ «ተ» የተባለውን ፊደል ቢያስብ ቅርጹ ይገባዋል። ሁለቱን አቻዎች እስከ መጀመሪያው ክፍፍል ድረስ አያይዞ የሚያቈያቸው ይህ ነው። ልውውጥ ያልተደረገባቸው አቻዎች በአብዛኞቹ ዕፅዋት አንድ ላይ አይቈዩም፤ ተነጣጥለው ወደየትኛውም አቅጣጫ በዘፈቀደ ይሄዳሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘለል ነጥብ አለ። መስቀለኛው ቦታ ራሱ ሙጫ አይደለም። አንዱ ክሮማቲድ ከልውውጡ ነጥብ ወዲያ ጫፉን ለሌላው ወገን ሰጥቷል። ጫፉ ግን ከልውውጡ በፊት ከታሰረበት ከመንታው ጋር አሁንም እንደ ታሰረ ነው። ስለዚህ ሁለቱን አቻዎች የሚያያይዛቸው ከልውውጡ ነጥብ እስከ ጫፉ ድረስ በክሮማቲዶቹ መካከል ያለው እስራት ነው። ይህ እስራት ከተፈታ መስቀለኛው አንዳች የሚይዘው የለውም፤ አቻዎቹም ይለያያሉ።

በመጀመሪያው ክፍፍል የሚሆነውም ይኸው ነው። በክሮሞሶሙ ክንዶች ላይ ያለው እስራት ይቆረጣል፤ አቻዎቹ ወደ ሁለቱ ዋልታዎች ይሳባሉ፤ በየዋልታው 10 ክሮሞሶሞች ይገኛሉ። ነገር ግን እያንዳንዳቸው አሁንም ሁለት ክሮማቲዶች አሏቸው፤ ሴንትሮሜር በተባለው ቦታ ያለው እስራት አልተነካምና። በሁለተኛው ክፍፍል ይህ የመጨረሻ እስራት ይቆረጣል፤ ክሮማቲዶቹ ይላቀቃሉ፤ በፍጻሜው አራት ስፖሮች እያንዳንዳቸው 10 ነጠላ ክሮሞሶሞች ይዘው ይገኛሉ።

፫. የሚያቆራኘው፣ የሚጠብቀውና የሚያላቅቀው

ሁለቱን ክሮማቲዶች የሚያስረው ዓለም አቀፍ ስሙ ኮሂሲን የተባለ ፕሮቲን ነው። ከብዙ ክፍሎች ተገጣጥሞ እንደ ቀለበት የሚከብ ሲሆን፣ ሁለቱ ዘንጎች በቀለበቱ ውስጥ እንደ ተያዙ ይታሰባል። በሜዮሲስ ጊዜ ከክፍሎቹ አንዱ ሬክ 8 የተባለው ነው። ይህንኑ ክፍል ስለ አራቢዶፕሲስ የሚጽፉ ሊቃውንት ሲን 1 ይሉታል፤ አራቢዶፕሲስ ከሰናፍጭ ወገን የሆነች፣ አምስት ጥንድ ክሮሞሶሞች ያሏት ትንሽ አረም ናት። አንድ ነገር በሁለት ስም ሲጠራ ተርጓሚው ሁለት ነገር እንዳያስመስለው መጠንቀቅ አለበት።

የዚህ ክፍል ጥቅም ምን ያህል እንደ ሆነ በበቆሎ ላይ በግልጽ ታይቷል። «የመጀመሪያው ክፍፍል መታጣት» በሚል ስም የሚታወቅ አንድ ጕድለት ያለበት በቆሎ አለ። በዚህ በቆሎ አቻዎች በሚገባ አይጣመሩም፤ በመጀመሪያውም ክፍፍል አቻዎች በመለያየት ፈንታ ክሮማቲዶች ይላቀቃሉ፤ በተራ የሕዋስ ክፍፍል እንደሚሆነው ማለት ነው። በ2006 እንደ ተገለጸው የጐደለው ነገር የበቆሎው ሬክ 8 ነው። ስያሜው ለጐደለው ፕሮቲን ሳይሆን በመጕደሉ ለሚታየው ውጤት የተሰጠ መሆኑን ልብ ይሏል። የዘር መለያ ስሞች ብዙዎቹ እንደዚህ ያሉ ስለሆኑ፣ ስሙን ተርጕሞ እንደ ተግባር መግለጫ መጠቀም ነገሩን ገልብጦ ማስረዳት ይሆናል፤ እንደ ስም በድምፁ መጻፍ ይመረጣል።

ቀለበቱ ከዘንጎቹ የሚወርድበት መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው ዋፕል የተባለ ፕሮቲን ቀለበቱን ሳይቈርጥ ከፍቶ ሲያወርደው ነው። ይህ ያለጊዜው እንዳይደረግ በአራቢዶፕሲስ ሱዊች 1 የተባለ ፕሮቲን ዋፕልን ይከላከለዋል። ሁለተኛው ሴፓሬዝ የተባለ ኤንዛይም ሬክ 8ን ሲቈርጠው ነው፤ ይህ አንድ ጊዜ ከተደረገ የማይመለስ ነው። በአማርኛም «ተፈታ» እና «ተቈረጠ» የተለያዩ ናቸው፤ የተፈታ እንደ ገና ይታሰራል፤ የተቈረጠ ግን በዚያው ይቀራል። ስለ ሁለቱም «ተወገደ» ብሎ መጻፍ ይህን ልዩነት ያጠፋል።

አሁን ጥያቄው ይህ ነው፤ ቈራጩ ኤንዛይም በመጀመሪያው ክፍፍል በሥራ ላይ ሳለ የሴንትሮሜሩን እስራት ስለ ምን አይቈርጥም? መልሱ ጠባቂ አለው የሚል ነው። በ2004 የጃፓን ተመራማሪዎች በእርሾ ላይ ባደረጉት ጥናት ይህን ጠባቂ ሹጎሺን ብለው ሰየሙት፤ በቋንቋቸው «ጠባቂ መንፈስ» ማለት ነው። በተከታዩ ዓመት የበቆሎው አቻ ተገለጸ። ሹጎሺን በሴንትሮሜሩ ዙሪያ ተቀምጦ ሌላ ኤንዛይም ወደዚያ ይጠራል፤ ይህም በሬክ 8 ላይ ያለውን የፎስፌት ምልክት ያነሣል። ቈራጩ የሚቈርጠው ምልክቱ ያለበትን ስለሆነ፣ ምልክቱ የተነሣለት ቀለበት ይተርፋል።

ቈራጩን ራሱን ጊዜው እስኪደርስ ገትቶ የሚይዝ ሌላ ፕሮቲን ደግሞ አለ። በአራቢዶፕሲስ የተገኘው ፓትሮኑስ የተባለው ነው፤ ስሙ በላቲን «ባላደራ ጠባቂ» እንደ ማለት ነው። በ2013 በወጣው ጥናት በሁለቱ ክፍፍሎች መካከል የሴንትሮሜሩን ቁርኝት የሚጠብቅ ሆኖ ቀረበ። በ2019 በወጣው ጥናት ግን ተግባሩ ይበልጥ ተብራራ፤ የሚሠራው ቀለበቱን በመጠበቅ ሳይሆን ቈራጩን ገትቶ በመያዝ ነው። በ2013 ስሙን ብቻ አይቶ «ጠባቂ» ብሎ የተረጐመ ሰው ቢኖር፣ ዛሬ ሁለት የተለያየ ሥራ ያላቸውን ፕሮቲኖች በአንድ ቃል በጠራ ነበር። ስለዚህ ለሹጎሺን ዓይነቶቹ «ጠባቂ»፣ ለፓትሮኑስ ዓይነቶቹ «ገቺ» የሚሉትን ቃላት እንጠቁማለን፤ አንዱ ታሳሪውን ይጠብቃል፤ ሌላው ቈራጩን ይገታል።

፬. ስለ ቃላቱ ምርጫ

ሀ. አቻ፣ መንታ እና ዘመድ። «ተመሳሳይ ክሮሞሶሞች» የሚለው አነጋገር ለእናትና ለአባት ክሮሞሶሞች በቂ አይደለም። ከሁሉ ይልቅ የሚመሳሰሉት የአንዱ ክሮሞሶም ቅጂዎች የሆኑት ክሮማቲዶች ናቸውና። «አቻ» ግን በማዕረግና በልክ መመጣጠንን እንጂ አንድ መሆንን ስለማያመለክት ይስማማል። ክሮማቲዶቹ በባዕድ ቋንቋዎች «እኅት» ይባላሉ፤ በእኛም «እኅትማማች» ማለት ይቻላል። ይሁንና እኅትማማቾች በተለያየ ጊዜ የሚወለዱ፣ የማይመሳሰሉም ሊሆኑ ይችላሉ። ክሮማቲዶቹ በአንድ ጊዜ የተገኙ፣ ሲገኙም የታሰሩ ስለሆኑ «መንታ ክሮማቲዶች» የሚለው ይሻላል። «መንታ» የሚለው ቃል ለአቻዎቹ ጥንድ እንዳይውል ግን መጠንቀቅ ያሻል፤ ለዚያ «ጥንድ» አለና።

ሦስተኛው ዝምድና የሚያስፈልገው ከአንድ በላይ ከሆኑ ዝርያዎች ክሮሞሶሞችን ለወረሱ ዕፅዋት ነው። የዳቦ ስንዴ 42 ክሮሞሶሞች አሉት፤ እነዚህም ከሦስት የተቀራረቡ ዝርያዎች የተወረሱ ናቸው። በሀገራችን የበቀለው ቡና 44 ክሮሞሶሞች ሲኖሩት ሌሎቹ የቡና ዝርያዎች አብዛኛውን ጊዜ 22 አሏቸው፤ የእኛው ቡና የሁለት ዝርያዎችን ክሮሞሶሞች በአንድነት የያዘ ነውና። ጤፍም 40 ክሮሞሶሞች ያሉት፣ እንዲሁ ከሁለት ወገን የወረሰ እህል ነው። በእነዚህ ዕፅዋት ከተለያየ ዝርያ የመጡት የሚቀራረቡ ክሮሞሶሞች አቻ አይደሉም፤ «ዘመድ ክሮሞሶሞች» ቢባሉ ይስማማል። በስንዴ ዘመድ ከዘመድ እንዳይጣመር፣ አቻ ከአቻው ጋር ብቻ እንዲጣመር የሚያደርግ የዘር ክፍል መኖሩ በ1958 ታውቋል። «አቻ» እና «ዘመድ» በአንድ ቃል ቢጠሩ ይህን ግኝት በአማርኛ መጻፍ ከቶ አይቻልም።

ለ. ቁርኝት እና ጥምረት። መንታ ክሮማቲዶችን ለሚያስረው «ቁርኝት» የሚለውን ቃል እንመርጣለን። በቀድሞው የሀገራችን የፍርድ ሥርዓት ከሳሽና ተከሳሽ፣ አበዳሪና ባለ ዕዳ ልብሳቸው ተቋጥሮ ወይም በሰንሰለት ተያይዘው ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ በቁራኛ ይሄዱ እንደ ነበር ይታወቃል። የሚቆራኙት ሁለት ናቸው፤ የሚያቆራኛቸው ከውጭ የመጣ ማሰሪያ ነው፤ የሚያላቅቃቸውም ሌላ ነው፤ እስራቱም ለተወሰነ ጊዜ ነው። የክሮማቲዶቹም ሁኔታ በአራቱም ረገድ ይህን ይመስላል። «መጣበቅ» ግን ማሰሪያው በነገሮቹ ገጽ ላይ ያለ ስለሚያስመስል አይስማማም። አቻ ክሮሞሶሞች ጐን ለጐን መሰለፋቸው «ጥምረት» ቢባል፣ ቁርኝትና ጥምረት ሳይደባለቁ ይኖራሉ።

ሐ. ልውውጥ እና መስቀለኛ። የመጀመሪያው ተግባር ነው፤ ሁለተኛው የተግባሩ ምልክት ሆኖ የሚታየው ቦታ ነው። ስለዚህ «መስቀለኛ ልውውጥ» ለተግባሩ፣ «መስቀለኛ» ብቻውን ለቦታው ይሁን። «በዚህ ክሮሞሶም ላይ ሁለት መስቀለኞች ይታያሉ» ማለት ይቻላል፤ «ሁለት ልውውጦች ይታያሉ» ማለት ግን አይቻልም፤ ልውውጡ ካለፈ በኋላ የሚታየው አሻራው ነውና።

መ. መለያየት እና መላቀቅ። የአማርኛ ግስ እዚህ ላይ ሀብቱን ይሰጣል። «ለየ» ከሚለው «ተለየ» እና «ተለያየ» ይገኛሉ፤ «ለቀቀ» ከሚለው ደግሞ «ተለቀቀ» እና «ተላቀቀ» ይገኛሉ። «ተለየ» እና «ተለቀቀ» አንዱ ወገን ብቻ ሲሆን ነው፤ «ተለያየ» እና «ተላቀቀ» ግን ድርጊቱ የእርስ በርስ ሲሆን ነው። በሁለቱም ክፍፍሎች ድርጊቱ የሁለት ወገን ስለሆነ፣ «ክሮማቲዱ ከክሮማቲዱ ተለየ» የሚለው አባባል አንዱ ቆሞ ሌላው የሄደ ያስመስላል። ለአቻዎቹ «መለያየት»፣ ለመንታዎቹ «መላቀቅ» ቢመደብ ሁለቱ ክፍፍሎች በግሳቸው ይታወቃሉ። ከ«ተላቀቀ» የሚገኘው «አላቀቀ» ሁለቱን እርስ በርስ የሚያፋታ ሦስተኛ ወገን ያለ መሆኑን ስለሚያመለክት፣ ሴፓሬዝን «አላቃቂ ኤንዛይም» ማለት ይቻላል። እንዲሁም ኮሂሲን «አቆራኝ ፕሮቲን» ይሆናል።

ከዚህም ሌላ ጥቅም ይገኛል። በባዕድ ቋንቋ «አለመለያየት» በሚል አንድ ቃል የሚጠራው ጕድለት በአማርኛ ለሁለት ይከፈላል፤ በመጀመሪያው ክፍፍል ከሆነ «የአቻዎች አለመለያየት»፣ በሁለተኛው ከሆነ «የመንታዎች አለመላቀቅ» ይባላል። ከዚህ በተቃራኒ የሚሆነው ደግሞ «ያለጊዜው መላቀቅ» ነው፤ ጠባቂው የጐደለበት ሕዋስ የሚደርስበት ይህ ነው። የሦስቱም ውጤት የክሮሞሶሞቹ ቍጥር የተዛባ ስፖር ነው፤ እንዲህ ያለው ስፖርም ብዙ ጊዜ መካን ይሆናል። ለገበያ የሚቀርበው ሙዝ ዘር የማይዝበት አንዱ ምክንያት ከዚህ የሚቀራረብ ነው፤ ሦስት ጊዜ 11፣ በድምሩ 33 ክሮሞሶሞች ስላሉት ሦስት አቻዎችን ለሁለት ዋልታ በትክክል ማካፈል አይቻልም።

ሠ. እንዝርት እና ሴንትሮሜር። ክሮሞሶሞችን የሚስቡት ክሮች በጠቅላላው የሚሠሩት ቅርጽ በመካከሉ ሰፊ፣ በሁለት ጫፉ ቀጭን ነው። ፈትል ተጠምጥሞበት ያለ እንዝርት ለሚያውቅ አንባቢ «እንዝርት» የሚለው ቃል ሌላ ማብራሪያ አይሻም። ነገር ግን በብያኔው ውስጥ «ከሴንትሪዮል የሚነሡ ክሮች» የሚል ሐረግ መግባት የለበትም፤ የአበባ ዕፅዋት ሴንትሪዮል የላቸውምና።

ሴንትሮሜርን በተመለከተ «ወገብ» የሚለው ቃል እጅግ ይስባል፤ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ቦታው እንደ ቀጠነ ወገብ ነውና። ይሁንና ወገብ የሌላቸው ክሮሞሶሞች አሉ። ሉዙላ በተባለ ሣር መሰል ተክልና ከቄጠማ ወገን በሆነው ሪንኮስፖራ፣ የእንዝርቱ ክሮች የሚይዙት ቦታ በክሮሞሶሙ ርዝመት ሁሉ የተዘረጋ ነው። በ2014 የወጡ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ በእነዚህ ዕፅዋት ቅደም ተከተሉ ራሱ ይገለበጣል፤ በመጀመሪያው ክፍፍል መንታ ክሮማቲዶች ይላቀቃሉ፤ አቻዎች የሚለያዩት በሁለተኛው ነው። ስለዚህ «ሴንትሮሜር» የሚለው ውሰት እንዳለ ይቈይ፤ «ወገብ» ወገብ ላላቸው ክሮሞሶሞች መግለጫ ብቻ ይሁን። «መለያየት» እና «መላቀቅ» የሚሉት ቃላትም በክፍፍሉ ተራ ቍጥር ሳይሆን በሚለያዩት ነገሮች መበየን እንዳለባቸው ከዚህ ይታወቃል። «መላቀቅ በሁለተኛው ክፍፍል የሚሆነው ነው» ብሎ የበየነ መዝገበ ቃላት ስለ ሉዙላ ለመናገር ቃል አይኖረውም።

፭. የተጠቆሙት ቃላት በአጭሩ

አቻ ክሮሞሶሞች፦ አንዱ ከእናት፣ አንዱ ከአባት የመጡ፣ በሜዮሲስ የሚጣመሩ ሁለት ክሮሞሶሞች።
ዘመድ ክሮሞሶሞች፦ በአንድ ተክል ውስጥ ያሉ፣ ከተለያዩ ነገር ግን ከተቀራረቡ ዝርያዎች የተወረሱ፣ የሚቀራረቡ ክሮሞሶሞች።
መንታ ክሮማቲዶች፦ የአንድ ክሮሞሶም ሁለት ቅጂዎች፣ እስኪላቀቁ ድረስ።
ቁርኝት፦ መንታ ክሮማቲዶችን የሚይዝ እስራት።
ጥምረት፦ አቻ ክሮሞሶሞች ጐን ለጐን መሰለፋቸው።
መስቀለኛ ልውውጥ፦ መንታ ያልሆኑ የአቻ ክሮሞሶሞች ክሮማቲዶች ክፍሎቻቸውን የሚለዋወጡበት ተግባር።
መስቀለኛ፦ የልውውጡ ምልክት ሆኖ የሚታየው ቦታ።
መለያየት፦ አቻዎች እርስ በርስ መራቃቸው።
መላቀቅ፦ መንታዎች ከቁርኝት ተፈትተው መራቃቸው።
አቆራኝ፣ ጠባቂ፣ ገቺ፣ አላቃቂ፦ ቁርኝቱን የሚሠራ፣ ቁርኝቱን የሚጠብቅ፣ አላቃቂውን የሚገታ፣ ቁርኝቱን የሚቈርጥ ፕሮቲን፣ በየተራ።

፮. ማጠቃለያ

እነዚህ ቃላት ጥቆማዎች እንጂ ብይን አይደሉም። ከመካከላቸው አንዱ ወይም ሌላው በተሻለ ቃል ሊተካ ይችላል። የማይተካው ልዩነቱ ነው። ተርጓሚው ስለ ሜዮሲስ «ተለያየ» የሚል ግስ በጻፈ ቍጥር ሦስት ነገር ቢጠይቅ ስሕተቱ ይቀንሳል፤ የሚለያዩት አቻዎች ናቸው ወይስ መንታዎች? የተቈረጠው ቁርኝት በክንዶቹ ላይ ነው ወይስ በሴንትሮሜሩ? ማሰሪያው ተቈርጧል ወይስ ተፈትቷል? ለሦስቱም በዋናው ጽሑፍ ውስጥ መልስ ካላገኘ፣ ጕድለቱ በአማርኛው ሳይሆን በዋናው ጽሑፍ ሊሆን ይችላል፤ በዚህ ጊዜ የሙያውን ሰው መጠየቅ ይገባል እንጂ በግምት አንዱን ቃል መርጦ ማለፍ አይገባም።

የቃላት አጥኚውም በበኩሉ ብያኔ ሲጽፍ ከአንድ ሕያው ነገር የተገኘውን ዕውቀት ለሁሉ እንዳያደርገው መጠንቀቅ አለበት። በቆሎ፣ ስንዴ፣ ቡናና ሉዙላ እያንዳንዳቸው ብያኔውን በየራሳቸው ይፈትኑታል። በአራቱም ላይ የሚጸና ብያኔ ከተገኘ ተማሪው መጽሐፉን በአማርኛ አንብቦ ሂደቱን በራሱ ቃል መልሶ ለመናገር አይቸገርም።